ሽቦው መጀመሪያ ወደ ዳገቱ፦ ለደጋው የባቡር መስመር ባለሁለት ኃይል ባቡር ለምን ያስፈልጋል?

መግቢያ

ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልድያ አጠገብ እስከምትገኘው ሐራ ገበያ የሚዘልቀው የባቡር መስመር 390 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። የግንባታ ውሉ በ2004 ዓ.ም. ከቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ ጋር ተፈርሞ ሥራው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ባለው የመጀመሪያ ምዕራፍ ሐዲዱ ተነጥፎ፣ ዋሻዎቹ ተፈልፍለው፣ ድልድዮቹ ከቆሙ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ መደበኛ የባቡር አገልግሎት ግን ሳይጀመር ቆይቷል። ከምክንያቶቹ ግንባር ቀደሙ ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ መስመሩ አለመድረሱ ነው። በኋላም የሰሜኑ ጦርነት በፕሮጀክቱ ላይ ተጨማሪ ጉዳት አድርሷል።

ይህ ለምዕራብ ጎጃም ሰው የሩቅ አገር ወሬ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አይደለም። በመጀመሪያው የዕድገትና የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን የተነደፈው ብሔራዊ የባቡር መረብ ከወልድያ ተነሥቶ በወረታና በባሕር ዳር አድርጎ ፍኖተ ሰላም የሚደርስ መስመርን ያካትታል። ደምበጫ ከፍኖተ ሰላም ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በቆሎዋና ጤፏ የሚወጣው፣ ማዳበሪያዋም የሚገባው በጭነት መኪና ነው፤ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዘው ሁሉ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለውን የዓባይ በረሃ ወርዶ መውጣት ግዴታው ነው። የባቡር ተስፋዋ ያለው በሌላ አቅጣጫ፣ በባሕር ዳርና በወልድያ በኩል ወደ ወደብ በሚያደርሰው መስመር ላይ ነው። ስለዚህ የምሥራቁ መስመር ሐዲድ ኖሮት ባቡር ካልሄደበት፣ ከእርሱ የሚቀጠለው የደጋው መስመር ተሠርቶ እንኳ መድረሻ የሌለው ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ አቋም ማቅረብ ነው። የሐዲድ ሥራና የኤሌክትሪክ ሥራ እኩል ይደርሳሉ ተብሎ መታቀዱ መቅረት አለበት። ወደፊት ለመስመሮቻችን የሚገዙ የመንገደኛ ባቡሮች ሽቦ ባለበት በኤሌክትሪክ፣ ሽቦ በሌለበት በራሳቸው የናፍጣ ጄነሬተር እንዲሄዱ ከመጀመሪያው የታሰበላቸው ይሁኑ። ይህ ከሆነ የላይ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ጊዜ መዘርጋት ግድ አይሆንም፤ ጥቅሙ ከሁሉ በሚበልጥበት ቦታ፣ ማለትም በዳገቱ ላይ፣ መጀመር ይቻላል።

ማመንጨትና ማድረስ

የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ አገሪቱ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያ ባለቤት ሆናለች። ከዚያ አስቀድሞ በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋቱ የጣና በለስ ጣቢያ ለጎጃም ደጋ ይበልጥ ቅርብ ነው። በዚህ ሁሉ ውኃ መካከል ስለ ናፍጣ መጻፍ ኋላ ቀርነት ሊመስል ይችላል። ሆኖም ኃይል ማመንጨትና ኃይል ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

የኢትዮ ጅቡቲ መስመርም ሆነ የአዋሽ ኮምቦልቻ መስመር የተነደፉት በ25 ኪሎ ቮልት ተለዋዋጭ ኮረንቲ እንዲሠሩ ነው። በዚህ ሥርዓት ባቡሩ ኃይል የሚያገኘው በየ40 እና በየ60 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ከሚተከሉ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ ከአገሪቱ የከፍተኛ ቮልቴጅ መረብ የራሱን መስመር ይፈልጋል፤ ትራንስፎርመርና መቆጣጠሪያ መሣሪያዎችም ያስፈልጉታል፤ አብዛኛው ዕቃ የሚገዛው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐዲዱን የሚሠራው ተቋራጭ አንድ፣ የኃይል ማስተላለፊያውን የሚዘረጋው አካል ሌላ፣ ገንዘቡን የሚያበድረው ደግሞ ሦስተኛ ሲሆን ከሦስቱ አንዱ ቢዘገይ መስመሩ በሙሉ ይቆማል። በአዋሽና በኮምቦልቻ መካከል የታየው ይኸው ነው።

ሽቦው ከተዘረጋ በኋላም ነገሩ አያበቃም። የኃይል መቆራረጥና የገመድ ስርቆት በኢትዮ ጅቡቲ መስመር የታወቁ ችግሮች ናቸው። ሙሉ በሙሉ በሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ባቡር ሽቦው ሲበጠስ በረሃ ላይ ከነመንገደኛው ይቆማል። ትንሽ ጄነሬተር የያዘ ባቡር ግን በዝግታም ቢሆን እስከሚቀጥለው ጣቢያ መድረስ ይችላል።

በሽቦ ሳይጠበቁ መጀመር በአገራችን ያልተሞከረ ነገር አይደለም። በ1890 ዓ.ም. ግንባታው ተጀምሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጥንቱ ምድር ባቡር በእንፋሎት ጀምሮ በኋላ ወደ ናፍጣ ተሻግሯል፤ የድሬዳዋ ወርክሾፕ ባለሙያዎችም እነዚያን ሞተሮች ለአሥርት ዓመታት ሲጠግኑ ኖረዋል። ለዘመናችን የሚቀርበው ምሳሌ ደግሞ የ2008 ዓ.ም. ድርቅ ነው። ያን ጊዜ አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ መስመር ገና አልተመረቀም፤ የኤሌክትሪክ ሥራውም አልተጠናቀቀም ነበር። ይሁን እንጂ በናፍጣ ሎኮሞቲቭ እየተሳበ የእርዳታ እህል ከጅቡቲ ወደ መሐል አገር ተጓጉዞበታል። መስመሩ የተመረቀው መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲሆን መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ሽቦውን ሳይጠብቅ ለሕዝብ ጠቅሟል ማለት ነው።

ሁለት የእንግሊዝ ተሞክሮዎች

በኤሌክትሪክ ብቻ እንዲሄድ የተሠራን ባቡር በናፍጣም እንዲሄድ ማድረግ ይቻላልን? ለዚህ ጥያቄ የተሟላ መልስ የሚሰጠው የእንግሊዝ ባቡር ነው፤ ምክንያቱም በአንድ አገር፣ በተቀራረበ ጊዜ፣ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ተሞክረዋል።

የመጀመሪያው የተረፉ አሮጌ ባቡሮችን መለወጥ ነው። ክላስ 319 የሚባሉት ባለ አራት ፉርጎ የኤሌክትሪክ ባቡሮች በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ለለንደን የቴምዝሊንክ አገልግሎት ተሠርተው ነበር። አዳዲስ ባቡሮች ሲመጡ ከሥራ ተፈናቀሉ፤ ዕድሜያቸው ግን ገና አላለቀም። ባለቤቱ የፖርተርብሩክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ የተወሰኑትን ወደ ባለሁለት ኃይል ለመለወጥ መወሰኑን አስታወቀ፤ የተለወጡትም ክላስ 769 ተባሉ። ያን ጊዜ ብዙ የእንግሊዝ መስመሮች የኤሌክትሪክ ዝርጋታቸው ዘግይቶ ወይም ተሰርዞ ስለ ነበር አሳቡ ወቅታዊ ነበር።

የምሕንድስናው መሠረት ቀላልና ብልህ ነው። ክላስ 319 ከመጀመሪያውም በሁለት ዓይነት ኮረንቲ እንዲሠራ የተነደፈ ነበር፤ ከላይ ሽቦ 25 ኪሎ ቮልት ተለዋዋጭ ኮረንቲ፣ ከሦስተኛው ሐዲድ ደግሞ 750 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ ይቀበላል። ስለዚህ በባቡሩ ውስጥ 750 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ የሚቀበል መግቢያ አስቀድሞ አለ። መሐንዲሶቹ በሁለቱ ጫፍ ፉርጎዎች ወለል ሥር እያንዳንዳቸው 390 ኪሎ ዋት ገደማ የሚሰጡ የማን ኩባንያ የናፍጣ ሞተሮችን ከጄነሬተር ጋር ገጠሙ፤ ኃይሉንም በዚያው መግቢያ አስገቡ። የሚነዱት ሞተሮች ኃይሉ ከሽቦም ይምጣ ከጄነሬተር ለይተው አያውቁም።

አፈጻጸሙ ግን እንደ አሳቡ አልቀለለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ይጀምራል የተባለው አገልግሎት በዌልስ የጀመረው በ2020 መጨረሻ፣ በሰሜን እንግሊዝ ደግሞ በ2021 ነው። የዌልሱ ባቡር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ከሥራ አስወጣቸው። ለታላቁ ምዕራባዊ ባቡር የታዘዙት 19ኙ አንድ ጊዜ እንኳ መንገደኛ ሳይጭኑ በ2022 መጨረሻ ዕቅዱ ተሰረዘ። የሰሜኑ ድርጅት ግን የራሱን ስምንት ባቡሮች ለሥራ አብቅቷቸዋል።

ሁለተኛው መንገድ የታየው በዚያው በታላቁ ምዕራባዊ መስመር ነው። ሒታቺ ለዚህ መስመር ከሚሠራቸው አዳዲስ ባቡሮች መካከል 21ዱ ሙሉ የኤሌክትሪክ እንዲሆኑ ታዝዘው ነበር። የሽቦ ዝርጋታው መዘግየቱ ሲታወቅ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2016 ባለሁለት ኃይል ሆነው እንዲወጡ ወሰነ። ለውጡ የተደረገው ባቡሮቹ ገና በመሠራት ላይ ሳሉ ነው። የዚህ ቤተሰብ ባቡሮች ሁሉ ወለላቸው ሥር ለሞተር የሚሆን ቦታ፣ የነዳጅና የማቀዝቀዣ መስመር፣ እንዲሁም ክብደቱን የሚሸከም አካል በንድፋቸው ነበራቸው፤ ሙሉ የኤሌክትሪክ የሚባሉት እንኳ ለድንገተኛ ችግር አንድ ሞተር ይይዛሉ። በመሆኑም ውሳኔው ተለወጠ እንጂ ባቡሩ እንደ አዲስ አልተነደፈም፤ የመስመሩ አዲስ ባቡሮችም ከእ.ኤ.አ. 2017 መጨረሻ ጀምሮ መንገደኛ ማጓጓዝ ጀመሩ።

ከሁለቱ ተሞክሮዎች የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ይመስለኛል። ሁለተኛ ኃይል መጨመር በኤሌክትሪኩ በኩል አስቸጋሪ አይደለም፤ የሚያስቸግረው ቦታው፣ ክብደቱ፣ ሙቀቱና መቆጣጠሪያው ነው። እነዚህ በንድፍ ጊዜ ከታሰቡ ለውጡ የፋብሪካ ሥራ ይሆናል፤ ካልታሰቡ የዓመታት ትግል ይሆናል። መጥኖ የመደቆሱ ጊዜ የግዥ ውል ከመፈረሙ በፊት ነው።

የተረፈ ሁሉ አይለወጥም

እዚህ ላይ አንድ ተፈጥሯዊ ጥያቄ ይነሣል። በአገራችን የቆሙ የኤሌክትሪክ ባቡሮች አሉና፣ ለምን እነርሱን ለውጠን አንጠቀምም? መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 41 ባቡሮች የነበሩት ሲሆን ከእነዚህ አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጦት ከአገልግሎት ውጪ ሆነዋል። የሚሠሩትም በ750 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ ነው፤ ይህ ደግሞ ከእንግሊዙ ክላስ 319 መግቢያ ጋር አንድ ዓይነት ነው። የሐዲዳቸው ስፋትም ከአዋሽ ኮምቦልቻው መስመር ጋር ይገጥማል፤ ሁሉም 1,435 ሚሊ ሜትር ነው።

ጥያቄው መልካም ቢሆንም መልሱ አይቻልም ነው። የቀላል ባቡሩ ወለል በአብዛኛው ዝቅተኛ ነው፤ ከመንገደኛው እግር በታች ለናፍጣ ሞተር፣ ለጄነሬተርና ለነዳጅ ታንክ የሚሆን ክፍት ቦታ የለም። ጣሪያው ላይ እንዳይጫን ደግሞ ቦታው በኤሌክትሪክ መሣሪያዎች የተያዘ ነው፤ አካሉም ለዚያ ክብደት አልተሠራም። ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ነው፤ አካሉ ለከተማ ጉዞ እንጂ ከባድ የጭነት ባቡር በሚያልፍበት ሐዲድ ላይ ለሚያጋጥም ግጭት የተዘጋጀ አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ እነዚህ ባቡሮች የቆሙት ሽቦ አጥተው ሳይሆን መለዋወጫ አጥተው ነው። መለዋወጫ ላጣ ባቡር ጄነሬተር መጨመር በአንድ ችግር ላይ ሌላ ችግር መደረብ ነው። የእነርሱ መፍትሔ ጥገና ነው፤ ቦታቸውም አዲስ አበባ ነው።

በኢትዮ ጅቡቲ መስመር ላይ ያሉት የመንገደኛ ባቡሮች ደግሞ በሎኮሞቲቭ የሚሳቡ ፉርጎዎች ናቸው። ፉርጎ ለሳበው ሁሉ ይታዘዛል፤ ዛሬ በኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ የሚሳበው ነገ በናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሊሳብ ይችላል። እነዚህን ለመለወጥ ምንም አይነካም፤ አዋሽ ላይ ሎኮሞቲቭ መቀየር ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ለኮምቦልቻው መስመር የዛሬው መፍትሔ ቀላል ነው፦ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ። ባለሁለት ኃይል ባቡር የሚያስፈልገው ለነገ ነው፤ መረቡ ሲሰፋ፣ ሽቦው እዚህ ኖሮ እዚያ ሲጎድል፣ በየመጋጠሚያው ሎኮሞቲቭ መቀያየር ጊዜና ገንዘብ ማባከን በሚሆንበት ጊዜ።

ዳገቱና አየሩ

የእንግሊዝን ተሞክሮ እንዳለ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ማምጣት አይቻልም፤ መልክዓ ምድሩ ሌላ ነውና። አዋሽ ከባሕር ወለል በላይ 900 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከወልድያ ወደ ጋሸና የሚወጣው የመኪና መንገድ ከ2,000 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ፎገራ ሜዳ ይወርዳል። የባቡሩ መንገድ የትኛውንም ሸለቆ ቢከተል ይህን ከፍታ ማሸነፉ አይቀርም።

ዳገት ምን ያህል ኃይል እንደሚፈልግ በግምታዊ ስሌት ማሳየት ይቻላል። 160 ቶን የሚመዝን የመንገደኛ ባቡር በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይጓዛል እንበል። በደልዳላ ሜዳ ላይ የመንኮራኩሩን ሰበቃ ለማሸነፍ ወደ 40 ኪሎ ዋት ይበቃዋል፤ የአየሩ ተቃውሞ ቢጨመርበትም 100 ኪሎ ዋት አይሞላም። ያው ባቡር በየ1,000 ሜትሩ 20 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ያንኑ ፍጥነት ጠብቆ ለመውጣት ለዳገቱ ብቻ ከ520 ኪሎ ዋት በላይ ይጠይቃል። ባቡሩ አንድ ነው፤ ፍጥነቱም አንድ ነው፤ የኃይል ፍላጎቱ ግን ከአምስት እጥፍ በላይ ያድጋል።

በዚህ ላይ የደጋው አየር አለ። በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ያንሳል። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። ተርቦ ያለው ሞተር ጉዳቱን ያቃልለዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም፤ ማቀዝቀዣውም በሳሳ አየር ይደክማል። እንደ ክላስ 769 ሁለት ሞተሮች በድምሩ 780 ኪሎ ዋት የሚሰጥ ባቡር በከፍታው ምክንያት 15 በመቶ ቢያጣ፣ ከቀረውም የጄነሬተሩና የሞተሮቹ ብክነት፣ የመብራቱና የአየር ማመላለሻው ፍጆታ ቢቀነስ፣ መንኮራኩሩ ላይ የሚደርሰው 500 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ይህ ለሜዳው ከበቂ በላይ ነው፤ ለዳገቱ ግን አይበቃም። የኤሌክትሪክ ሞተር ለመቃጠል አየር ስለማይፈልግ ይህ ድክመት የለበትም።

ቁልቁለቱ ደግሞ ሌላውን ግማሽ ያሳያል። 160 ቶን ባቡር 1,000 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 430 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ጉልበት ይለቀቃል። ሽቦ ካለ ሞተሩ እንደ ጄነሬተር ሆኖ ባቡሩን እያቀዘቀዘ ከዚህ ጉልበት ከፊሉን ወደ መስመሩ ይመልሳል፤ ወደ ላይ የሚወጣ ሌላ ባቡርም ይጠቀምበታል። ሽቦ ከሌለ ያ ሁሉ በፍሬን ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፤ ፍሬኑንም ይበላዋል።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ የጽሑፌ ዋና አሳብ ነው። ባለሁለት ኃይል ባቡር ካለ የሽቦ ዝርጋታን ቅደም ተከተል መምረጥ ይቻላል። በተለመደው አሠራር ሽቦው ከአንዱ ጫፍ ተጀምሮ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ መሐል ላይ 20 ኪሎ ሜትር ቢጎድል የተዘረጋው ሁሉ ባቡር አያሳልፍም። በባለሁለት ኃይል አሠራር ግን መጀመሪያ ዳገቱ ላይ ይዘረጋል፤ ያለ ሽቦ የማይቻለው እዚያ ነውና። የፎገራ ሜዳና ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ ያለው ደልዳላ አምባ፣ እስከ ፍኖተ ሰላምና ከዚያም አልፎ እስከ ደምበጫ፣ ገንዘቡ እስኪገኝ ድረስ በጄነሬተር ሊሸፈን ይችላል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የነዳጅ ነው። ኢትዮጵያ ናፍጣዋን ሁሉ በውጭ ምንዛሪ ትገዛለች፤ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ እስከ መከልከል ደርሷል። ታዲያ ባቡርን ወደ ናፍጣ መመለስ ከዚህ ፖሊሲ ጋር አይጋጭምን? መመዘን ያለበት ግን ከምን ጋር እንደምናነጻጽር ነው። በናፍጣ የሚሄድ ባቡር በኤሌክትሪክ ከሚሄደው ጋር ሲነጻጸር በርግጥ ያንሳል። ነገር ግን ሽቦ በሌለበት ዓመት የሚወዳደረው ከጭነት መኪናና ከአውቶቡስ ጋር ነው፤ እነርሱም የሚጠጡት ናፍጣ ነው። የብረት መንኮራኩር በብረት ሐዲድ ላይ አንድ ቶን ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት የከባድ መኪና ጎማ በአስፋልት ላይ ከሚያስፈልገው አራት እጥፍ ገደማ ያነሰ ነው። ዳገት ላይ ይህ ብልጫ ይጠባል፤ ዳገቱን በኤሌክትሪክ፣ ሜዳውን በጄነሬተር የምንልበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ናፍጣው የባቡሩ ብልጫ ሙሉ በሆነበት ቦታ ብቻ ይነዳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ጊዜያዊ የተባለው ዘላቂ ይሆናል የሚል ነው። ባቡሩ ያለ ሽቦ መሄድ ከቻለ ሽቦውን ለመዘርጋት ማን ይቸኩላል? ይህ ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የሚከብደው ነው፤ በእንግሊዝም የባለሁለት ኃይል ባቡሮች መኖር የሽቦ ዝርጋታን ለማስቀረት ሰበብ ሆኗል የሚል ወቀሳ ይሰማል። መድኃኒቱ ባቡሩን መከልከል ሳይሆን ዝርጋታውን በውል ማሰር ነው። ዳገቱ ከመስመሩ ግንባታ ጋር አብሮ ሽቦ እንዲለብስ በዚያው ውል ውስጥ ይግባ። ለሜዳው ደግሞ በቀን የሚያልፉት ባቡሮች ቁጥር ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ዝርጋታው እንዲጀመር ገደቡ አስቀድሞ ይጻፍ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ባትሪ እያለ ለምን ናፍጣ የሚል ነው። በጀርመን ሽሌስቪሕ ሆልሽታይን ግዛት ከእ.ኤ.አ. 2023 ጀምሮ የሽታድለር ባትሪ ባቡሮች ሽቦ በሌለባቸው መስመሮች ላይ መንገደኛ ያመላልሳሉ፤ በጣሊያን ደግሞ ሒታቺ በሽቦም፣ በባትሪም፣ በናፍጣም የሚሄዱ ባቡሮችን አስገብቷል። አቅጣጫው ወደ ባትሪ መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ባትሪ የሚሞላው ከሽቦ ወይም ከኃይል መሙያ ጣቢያ ነው፤ የኛ ችግር የሚጀምረው ደግሞ ኃይሉ መስመሩ ዘንድ ካለመድረሱ ነው። ስለዚህ ወለል ሥር የሚቀመጠው ጄነሬተር ተፈትቶ በምትኩ ባትሪ የሚገባበት ሳጥን ሆኖ ቢነደፍ ሁለቱም አሳቦች ይታረቃሉ። ባቡር ሠላሳና ከዚያ በላይ ዓመት ይኖራል፤ በዚያ ዕድሜው ውስጥ የኃይል ምንጩን አንድ ጊዜ መለወጡ የማይቀር ነው። የጣሊያኑ ባቡርም ሦስቱን ምንጮች በአንድ አካል ማስተናገድ እንደሚቻል ያሳያል።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ የአዋሽ ኮምቦልቻ መስመር የጦርነት ጉዳቱ ተጠግኖ ደኅንነቱ ሲረጋገጥ የኤሌክትሪኩን መድረስ ሳይጠብቅ በናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሥራ ይጀምር። የ2008 ዓ.ም. የእህል ማጓጓዝ ይህ የሚቻል መሆኑን አሳይቷል። የማይሠራ ሐዲድ ይዝጋል፣ ሣር ያበቅላል፣ ዕቃው ይዘረፋል፤ ዕዳው ግን ቆሞ አይጠብቅም።

ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ የሚወጣ የመንገደኛ ባቡር የግዥ ሰነድ አራት ነገሮችን ይጠይቅ፦ ወለል ሥር ለጄነሬተር ወይም ለባትሪ የሚሆን ባዶ ቦታ፣ ተጨማሪውን ክብደት የሚሸከም አካል፣ ከሁለተኛ ምንጭ ኃይል የሚቀበል የቀጥተኛ ኮረንቲ መግቢያ፣ ሁለቱን ምንጮች ለይቶ የሚያውቅ መቆጣጠሪያ። ጄነሬተሩ ራሱ ዛሬ ባይገዛ እንኳ ቦታው ይገዛ። የሞተሩ ጉልበትም የባሕር ወለሉ ሳይሆን በ2,500 ሜትር የሚሰጠው ተለክቶ ይቅረብ።

ሦስተኛ፣ ከወልድያ ወደ ጎጃም የሚመጣው መስመር ጥናት ሲከለስ የሽቦ ዝርጋታው ቅደም ተከተል ከዳገቱ አንጻር እንደገና ይሰላ። የትኛው ኪሎ ሜትር መጀመሪያ ሽቦ ያገኛል የሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው በመስመሩ የከፍታ ንድፍ ላይ ነው።

አራተኛውና የመጨረሻው ለእኛ ለተመራማሪዎች የቀረበ ነው። ከላይ ያቀረብሁት ስሌት በግምት ላይ የቆመ ነው፤ ወደ ትክክለኛ ቁጥር የሚያደርሰው ልኬት ነው። ናፍጣ ሞተሮች በደጋችን ከፍታ ላይ ምን ያህል ጉልበት እንደሚያጡ፣ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚጨምሩ ለመለካት የግድ ባቡር አያስፈልግም። በየቀኑ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን የሚወጡት የጭነት መኪኖች፣ በየወረዳው ያሉት ጄነሬተሮችና የእህል ወፍጮዎች በእጃችን አሉ። በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ የሜካኒካልና የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተማሪዎች ይህን በአንድ የማስተርስ ጥናት ሊሠሩት ይችላሉ። የግዥ ሰነዱ የሚጻፍበት ቀን ሲደርስ ጠረጴዛው ላይ የአምራቹ ቁጥር ብቻውን መቅረብ የለበትም፤ የእኛም ልኬት ከጎኑ ሊኖር ይገባል።